ሶፍትዌሩ እንዲገምት አትተዉት፦ የፍላት ፋይል ስኪማ አሠራር

አዳማ ያለ አንድ የጅምላ አከፋፋይ የቀኑን ሽያጭ በየማታው አዲስ አበባ ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት ይልካል እንበል። ስቶሩ የሚሸጥበት ፕሮግራም ሌላ ነው፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ሂሳብ የሚዘጋበት ሲስተም ሌላ። ሁለቱ በቀጥታ አይነጋገሩም፤ በመካከላቸው የሚመላለሰው አንድ የጽሑፍ ፋይል ነው። ፍላት ፋይል የምንለው ይህንኑ ነው። ቀለም የለው፣ ፎርሙላ የለው፣ ሺት የለው፤ መስመር ከመስመር በታች የተደረደረ ፊደልና ቁጥር ብቻ። ሦስተኛው ዓምድ ብዛት ይሁን ዋጋ፣ ቀኑ በእኛ ይሁን በፈረንጅ፣ ፋይሉ ራሱ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ስኪማው ነው፤ ስኪማ ማለት እያንዳንዱ ዓምድ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚጻፍ የሚገልጽ ስምምነት ነው።

የዳታ ማገናኛ ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ ናሙና ፋይል ሲሰጣቸው የመጀመሪያዎቹን መስመሮች አይተው «ይሄ ቁጥር ነው፣ ይሄ ቀን ነው» እያሉ ስኪማውን ራሳቸው ያዘጋጁላችኋል። ለረቂቅ ጥሩ ነው። እንዳለ ተቀብሎ ሥራ ላይ ማዋል ግን አይገባም፤ ግምቱ የተሠራው የእኛን ፊደል፣ የእኛን ካሌንደርና በዜሮ የሚጀምሩ ቁጥሮቻችንን አስቦ አይደለም። ስህተቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ፋይሉ ያልፋል፣ ሪፖርቱ ይወጣል፣ ቁጥሩ ግን የተሳሳተ ነው።

ለጽሑፉ የሚሆን ትንሽ ናሙና እነሆ፦

01|1|አዳማ-03|20250912|0147
02|00451|0032|የስንዴ ዱቄት 50 ኪሎ|40|3150.00|126000.00
02|00451|0117|ማካሮኒ 20 ኪሎ|15|1480.00|22200.00
99|2|148200.00

በእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ያለው ሁለት አኃዝ የመስመሩን ዓይነት ይናገራል። 01 የፋይሉ ራስጌ ነው፤ የስኪማ ቅጂ ቁጥር፣ የቅርንጫፍ ኮድ፣ ቀንና የፋይል ተራ ቁጥር ይዟል። 02 ዝርዝር ነው፤ የደንበኛ ኮድ፣ የዕቃ ኮድ፣ የዕቃ ስም፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋና ጠቅላላ ዋጋ። 99 መዝጊያ ነው፤ ስንት የዝርዝር መስመር እንዳለና ድምሩ ስንት እንደሆነ ይናገራል።

ራስጌው 5፣ ዝርዝሩ 7፣ መዝጊያው 3 ዓምድ እንዳለው ልብ በሉ። «ፋይል ማለት አንድ ሠንጠረዥ ነው» ብሎ የሚያስብ መሣሪያ እዚህ ይደናቀፋል። በኤስኤስአይኤስ (የማይክሮሶፍት የዳታ ማዘዋወሪያ መሣሪያ) የምትሠሩ ከሆነ የሚያዋጣው መንገድ መስመሩን በሙሉ እንደ አንድ ሰፊ የጽሑፍ ዓምድ ማንበብና በመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ለሦስት መክፈል፣ ከዚያ እያንዳንዱን በየራሱ ቅርጽ መበተን ነው። በቢዝቶክ (ሲስተሞችን የሚያገናኝ የማይክሮሶፍት ሰርቨር) ደግሞ ለእያንዳንዱ የመስመር ዓይነት መለያ ኮዱን በስኪማው ላይ ትሰጡታላችሁ፤ መክፈሉን ራሱ ይሠራል። እዚያ ላይ ብዙ ሰው የሚቸገርበት አንድ ነገር አለ። የመስመር መጨረሻ ምልክቱ በመስመሮች መካከል ብቻ ነው የሚመጣው (ኢንፊክስ) ወይስ ከመጨረሻው መስመር በኋላም አለ (ፖስትፊክስ)? ስኪማው ፖስትፊክስ ብሎ ፋይሉ ከመዝጊያው በኋላ ኢንተር ከሌለው፣ አንባቢው የሌለ ምልክት ሲፈልግ ፋይሉ ያልቅበትና ሁሉንም ይጥለዋል። ስምምነቱ ላይ «ከመጨረሻው መስመር በኋላም የመስመር መጨረሻ ምልክት አለ» ብላችሁ ጻፉት። የመስመር መጨረሻው በዊንዶውስ ሁለት ባይት (13 እና 10)፣ በሊኑክስ አንድ ባይት (10) መሆኑንም እዚያው ጨምሩ። ይህ ካልተጻፈ የማትታየዋ 13 የመጨረሻው ዓምድ ላይ ተለጥፋ ትቀራለች፤ 148200.00 የነበረው «ቁጥር አይደለም» ተብሎ ይመለሳል፣ በዓይን ስታዩት ግን ምንም እንከን የለውም።

መዝጊያውን «ትርፍ ነው» ብለው የሚያወጡት አሉ። አታውጡት። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቆራረጥ ግማሹ የደረሰ ፋይል ሙሉ ከሆነ ፋይል በምንም አይለይም፤ የሚለየው በመዝጊያው ብቻ ነው። የመስመር ቁጥሩና ድምሩ ካልገጠመ ፋይሉ በሙሉ ይመለስ። ከዚሁ ጋር የሚሄድ የላኪ ግዴታም አለ፦ ፋይሉ እየተጻፈ ሳለ በጊዜያዊ ስም ይቀመጥ፣ ተጽፎ ሲያልቅ ወደ ትክክለኛ ስሙ ይቀየር። ተቀባዩ ፎልደሩን በየደቂቃው የሚጠብቅ ከሆነ ይህ ካልተደረገ በከፊል የተጻፈ ፋይል ማንሳቱ አይቀርም። ተራ ቁጥሩ (0147) ደግሞ ሁለት ሥራ አለው፤ 0147 ዳግም ከመጣ ተደግሟል፣ ከ0146 ቀጥሎ 0148 ከመጣ አንድ ፋይል ቀርቷል ማለት ነው።

ፊደሉና ባይቱ

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው መዝገብ) ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ቅጂ 3.0 ነው። ፊደል ወደ ባይት የሚለወጥበት ደንብ ኢንኮዲንግ ይባላል፤ ከእነዚህ አንዱ በሆነው በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ አኃዝና ስፔስ ግን 1 ባይት ናቸው። ዓምዶቹ በምልክት ለተለያዩ ፋይል ይህ ብዙም አያስጨንቅም። ዓምዶቹ በቋሚ ስፋት ለተቆረጡ ፋይል ግን ሁሉ ነገር ነው።

ከናሙናው «የስንዴ ዱቄት 50 ኪሎ» የሚለውን ውሰዱ። በዓይን ስትቆጥሩ 14 ነው። በባይት ሲቆጠር 9ኙ የግዕዝ ፊደላት 27፣ ሦስቱ ስፔስና ሁለቱ አኃዝ 5፣ በድምሩ 32 ይሆናል። ስኪማው ለዕቃ ስም 30 ባይት ከሰጠ፣ እስከ «ኪ» ድረስ 29 ባይት ያልቃል፤ ለ«ሎ» የሚቀረው አንድ ባይት ብቻ ስለሆነ ፊደሉ ከመሐሉ ይቆረጣል። ተቀባዩ ያንን ቁራጭ ሲያነብ ጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ያወጣል፣ ወይም «የተበላሸ ኢንኮዲንግ» ብሎ ይቆማል። የባሰው ላኪው በፊደል፣ ተቀባዩ በባይት ሲቆጥሩ ነው። ላኪው 14ቱን ፊደል በ16 ስፔስ ሞልቶ 30 አደረስኩ ይላል፤ በባይት ግን 48 ሆኗል። ከዚያ በኋላ ያለው ዓምድ ሁሉ በ18 ባይት ይንሸራተታል፣ ብዛት የነበረበት ቦታ ላይ ስፔስ ይነበባል። ስለዚህ ቋሚ ስፋት ባለው ስኪማ «ስፋት 30» ብሎ መተው አይበቃም፤ «30 ፊደል» ወይም «30 ባይት» ተብሎ ይጻፍ። ምርጫው የእናንተ ከሆነ ደግሞ አማርኛ ላለበት ፋይል ቋሚ ስፋትን አትምረጡ።

ስለ ኢንኮዲንግ ስኪማው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ዩቲኤፍ-8፣ ያለ ቦም»። ቦም ማለት አንዳንድ ፕሮግራሞች ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚያስቀምጧቸው የማይታዩ ሦስት ባይቶች ናቸው (239፣ 187፣ 191)። ያልጠበቃቸው አንባቢ የመጀመሪያው ዓምድ አካል ያደርጋቸዋል፤ በእኛ ናሙና 01 የነበረው 01 መሆኑ ይቀርና ፋይሉ ራስጌ የለውም ተብሎ ይጣላል። ኤክሴል በተቃራኒው ቦም ከሌለ የአማርኛውን ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለያዩ የጽሑፍ ፋይል) በሁለት ክሊክ ሲከፍት የተምታታ የላቲን ፊደል ያሳያችኋል። ይህ የፋይሉ ጥፋት አይደለም፤ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ተብሎ ስልክ ሲደወልላችሁ መጀመሪያ የሚጠየቀው በምን ከፈታችሁት የሚለው ነው።

በኤስኤስአይኤስ «ዩኒኮድ» የምትለዋ ሳጥን ዩቲኤፍ-8 ማለት አይደለችም፤ ዩቲኤፍ-16 ማለት ናት። ለዩቲኤፍ-8 ሳጥኗን ባዶ ትታችሁ ኮድ ፔጁን (የኢንኮዲንግ መለያ ቁጥሩን) 65001 አድርጉ። የጽሑፍ ዓምድ ስፋትም ካልነካችሁት 50 ሆኖ ይመጣል፤ ረዘም ያለ የዕቃ ስም ሲመጣ ሥራው በመቆረጥ ስህተት ይቆማል። በኤስኪውኤል ሰርቨር (የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ) በኩል ተቀባዩ ዓምድ ኤንቫርቻር (ዩኒኮድ የሚይዝ የጽሑፍ ዓይነት) ይሁን። በተለመደው ቫርቻር ከሆነ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይቀመጣል፣ አንዴ ከተቀመጠ በኋላም የሚመለስ ነገር የለም።

ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ የቆየ ዳታ ካጋጠማችሁ የኢንኮዲንግ ምርጫ በመቀያየር ጊዜ አታጥፉ። እነዚያ ፎንቶች የላቲን ኮድ ላይ የአማርኛ ቅርጽ የሳሉ ናቸው፤ በየፎንቱ የተዘጋጀ የመቀየሪያ ሠንጠረዥ ያስፈልጋችኋል።

ቁጥር የሚመስል ግን ቁጥር ያልሆነ

የማይደመር፣ የማይባዛ ነገር በስኪማው ላይ ጽሑፍ ይሁን። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር 10 አኃዝ ነው፤ በዜሮ የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። የሞባይል ቁጥር በ09 ወይም በ07 ይጀምራል። ቀበሌ 04፣ የደንበኛ ኮድ 00451፣ የዕቃ ኮድ 0032፣ ሁሉም ዜሮ ፊታቸው ላይ አለ። ሶፍትዌሩ ገምቶ «ሙሉ ቁጥር» ካላቸው ዜሮዎቹ ይጠፋሉ፤ 00451 ወደ 451 ይለወጥና ከደንበኞች መዝገብ ጋር አይገጥምም።

ረዣዥሞቹ የባሱ ናቸው። ኤክሴል 12 አኃዝና ከዚያ በላይ ያለውን ቁጥር በተለመደው ፎርማት በሳይንሳዊ አጻጻፍ አሳጥሮ ያሳያል፤ ያንን ሲኤስቪ አድርጋችሁ ስታስቀምጡ የሚጻፈው የታየው ነው። 13 አኃዝ የነበረው የባንክ ሂሳብ ቁጥር በዚህ መንገድ ይጠፋል። 16 አኃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር ደግሞ ፎርማቱን ብታስተካክሉለትም አይድንም፣ ኤክሴል ከ15 አኃዝ በላይ ስለማይዝ 16ኛውን ወደ ዜሮ ይለውጠዋል። ፋይሉን በኤክሴል ማየት ግድ ከሆነ ባዶ ሺት ከፍታችሁ በዳታ ምናሌ በኩል ከጽሑፍ ፋይል አስገቡት፣ ዓምዶቹንም «ቴክስት» በሏቸው። ከሁሉ የሚሻለው ግን የሚላክ ፋይል የሰው እጅ ሳይነካው ከሽያጩ ፕሮግራም በቀጥታ መውጣቱ ነው።

እውነተኛ ቁጥሮችም ደንብ ይፈልጋሉ። የሺህ ማለያ ኮማ አይግባ፣ «ብር» የሚል ቃል አይግባ፣ የሳንቲም ነጥብ ሁልጊዜ ይኑር፣ ከነጥቡ በኋላ ሁለት አኃዝ። ተመላሽ ዕቃ በመቀነስ ምልክት ይጻፍ እንጂ የሂሳብ ሰዎች እንደለመዱት በቅንፍ አይሁን። ዋጋው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምር አይጨምር ስኪማው ላይ ይጻፍ፤ ታክሱ በየመስመሩ ሲጠጋጋና በድምሩ ላይ ሲጠጋጋ ውጤቱ በሳንቲሞች ይለያያልና ማጠጋጋቱ የት እንደሚደረግም አብሮ ይወሰን።

ቀን

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው ይህ ነው። በናሙናው ላይ 20250912 የተባለው በእኛ መስከረም 2 ቀን 2018 ነው። አንድ ቅርንጫፍ ለምዶት 20180102 ብሎ ቢልክስ? ሶፍትዌሩ ጃንዋሪ 2 ቀን 2018 ብሎ ያነበዋል። ትክክለኛ ቀን ነው፣ ምንም ስህተት አያወጣም። የዛሬው ሽያጭ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይገባል፣ የወሩ ሪፖርት ደግሞ ይጎድላል።

ነገሩ ለምን ሳይታወቅ እንደሚቆይ ተመልከቱ። የእኛ አሥራ ሁለቱ ወራት 30፣ 30 ቀን ናቸው። ከፈረንጆቹ ወራት ከ30 በታች የሆነው ሁለተኛው ወር፣ ፌብሩዋሪ ብቻ ነው። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን በፈረንጅ ሲነበብ ስህተት የሚያወጣው ጥቅምት 29 እና 30 (20180229 እና 20180230 የሚባል ቀን ስለሌለ)፣ ከዚያም ጳጉሜን ሲገባ ነው፤ 13ኛ ወር የለምና። በሌላው ቀን ሁሉ ዝም ብሎ ያልፋል። መስከረም ላይ የተጀመረ ሥራ ጥቅምት መጨረሻ ሁለት ቀን ተበላሽቶ ኅዳር 1 «ራሱ ተስተካከለ» ከተባለ፣ ሌላ ምክንያት ከመፈለጋችሁ በፊት ይህንን እዩ።

መከላከያው ሁለት ነው። ስኪማው ላይ «የፈረንጅ አቆጣጠር፣ ዓመት-ወር-ቀን፣ 8 አኃዝ፣ ያለ መለያ» ተብሎ ይጻፍ። ከዚያ ተቀባዩ ላይ አንዲት ማጣሪያ ትጨመር፦ በራስጌው ያለው ቀን ፋይሉ ከደረሰበት ቀን ከ7 ቀን በላይ ወደ ኋላ ወይም ከ1 ቀን በላይ ወደ ፊት ከሆነ ፋይሉ ይመለስ። በአቆጣጠር የተሳሳተ ፋይል ሁሉ በዚህች ማጣሪያ ይያዛል።

በእኛ ቀን ለሚያስፈልግ ደረሰኝ ሁለተኛ ዓምድ ጨምሩ፤ እሱ ግን በስኪማው ላይ ጽሑፍ ይሁን እንጂ ቀን አይሁን። መቀየሩን «7 ወይም 8 ዓመት ቀንስ» በሚል ስሌት አትሥሩት። አዲስ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች ዓመት በኋላ ግን ወደ 12 ይሸጋገራል። 2015 ጳጉሜን 6 ስለነበረች መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። የቀን መቀየሪያ ስትፈትኑ ይህችን ቀን፣ ከእሷ በፊት ያለችውን ጳጉሜን 6ንና ሐምሌ 1ን (የበጀት ዓመቱ መጀመሪያ፣ ጁላይ 8) አስገቡ። ሦስቱን በትክክል ካለፈ መሠረቱ ደህና ነው።

ሰዓት ካለም በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይሁን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል 0830 ተብሎ ይጻፍ፤ 0230 ከተባለ ሽያጩ ሌሊት ላይ ይወድቃል።

መከፋፈያ ምልክት

ኮማ ለእኛ ዳታ ጥሩ ምርጫ አይደለም፤ ሰው በእጁ የሚያስገባው የገንዘብ መጠንና አድራሻ ውስጥ አይጠፋም። ዘንግ (/) ጨርሶ አይሆንም፤ ገ/ሚካኤል፣ ወ/ሮ፣ ት/ቤት እያልን የምንጽፍ ሰዎች ነን። ነጠላ ሰረዝ (፣) ከኮማ የተለየ ፊደል ቢሆንም በአማርኛ ጽሑፍ መሐል ስለሚመጣ እሱም ይቅር። በናሙናው ያለችው ቀጥ ያለች መስመር (|) በስምም በአድራሻም የማትጻፍ ስለሆነች ትመረጣለች።

ኮማ መጠቀም ግዴታ ከሆነ ጽሑፍ ያለበት ዓምድ በድርብ ጥቅስ ይታቀፍ፣ በውስጡ ጥቅስ ካለ ይደገም። በ2005 የወጣው አርኤፍሲ 4180 (የሲኤስቪን አጻጻፍ የሚገልጽ ሰነድ) የሚለው ይህንኑ ነው። ማቀፊያውን ነጠላ ጥቅስ አታድርጉት። አዳማ ላይ የደንበኛ ስም በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ይመዘገባል፤ በቁቤ ደግሞ ሁድሃ የምትባለዋ ምልክት የስሙ አካል ሆና በነጠላ ጥቅስ ቅርጽ ትጻፋለች። ማቀፊያው ነጠላ ጥቅስ ከሆነ አንባቢው ስሙ መሐል ላይ «ዓምዱ አለቀ» ይላል። ሁድሃዋ ራሷም አንዳንዴ በቀጥተኛው (ኮድ 39)፣ አንዳንዴ በተጠማዘዘው (ኮድ 8217) ትጻፋለች፤ ሁለቱን ወደ አንድ የሚያመጣ ደንብ ከሌለ አንድ ደንበኛ ሁለት ሆኖ ይመዘገባል።

በአማርኛም ያው ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ለኮምፒውተር ፍጹም የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ሦስት ሰው ይሆናሉ። ከተማውም ቢሆን በአሮጌው መዝገብ ናዝሬት፣ በአዲሱ አዳማ ነው። ስለዚህ ስም በምንም መንገድ ማገናኛ ቁልፍ አይሁን፤ ቁልፉ ኮድ ይሁን፣ ስሙ ለአንባቢ ሰው ብቻ አብሮ ይሂድ።

ባዶ ዓምድ ምን ማለት እንደሆነም ተስማሙ። ሁለት መስመሮች ተከታትለው ሲመጡ (||) «አይታወቅም» ማለት ነው፣ 0 ደግሞ ዜሮ ነው። «የለም» ወይም ጭረት የሚጽፍ ቅርንጫፍ ካለ ከምንጩ ይስተካከል።

ስኪማው ሲቀየር

ናሙናው አንድ ጉድለት አለበት። 40 የተባለው ምንድን ነው፣ ከረጢት ወይስ ኩንታል? ባለ 50 ኪሎ 40 ከረጢት 20 ኩንታል ነው፤ መጋዘኑ በኩንታል የሚመዘግብ ከሆነ ክምችቱ በእጥፍ ይሳሳታል። የመለኪያ ዓምድ ያስፈልጋል። የት ይግባ? ለዓይን የሚጥመው ከብዛት ቀጥሎ ነው፤ ግን እዚያ ካስገባችሁት በአሮጌው ስኪማ የሚያነብ ሁሉ «ከረጢት» የሚለውን ዋጋ ብሎ ይወስደዋል። አዲስ ዓምድ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይጨመር፣ በራስጌው ያለው የቅጂ ቁጥርም ከ1 ወደ 2 ይለወጥ፦

01|2|አዳማ-03|20250913|0148
02|00451|0032|የስንዴ ዱቄት 50 ኪሎ|40|3150.00|126000.00|ከረጢት
99|1|126000.00

ተቀባዩ መጀመሪያ ሁለቱንም ቅጂ እንዲያነብ ይዘጋጅ፣ ከዚያ ቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ ወደ 2 ይሻገሩ። አሰላም መተሐራም ያሉ ቅርንጫፎች በአንድ ሌሊት እኩል ይቀየራሉ ብላችሁ አታቅዱ።

የሚመለስ ፋይልና የሚመለስ መስመርም ይለዩ። መዝጊያው ካልገጠመ፣ ቀኑ ከተፈቀደው ወሰን ከወጣ፣ ተራ ቁጥሩ ከተደገመ ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። አንድ የዕቃ ኮድ ባይታወቅ ግን ያ መስመር ብቻ ወደ ጎን ይውጣ፤ የመስመሩ ቁጥር፣ ያልገጠመው ዓምድና ምክንያቱ በአማርኛ ተጽፎ ለላኪው ይሂድ። «ስህተት ተፈጥሯል» የሚል መልእክት ለስቶር ሠራተኛው ምንም አይጠቅመውም፤ «መስመር 38፣ ዓምድ 3፣ የዕቃ ኮድ 0323 መዝገብ ላይ የለም» ቢባል ወዲያው ያርመዋል።

ከስኪማው ጋር አንድ ንጹሕና አንድ ሆን ተብሎ የተበላሸ ፋይል አስቀምጡ። በተበላሸው ውስጥ ቦም ይግባ፣ የጥቅምት 30 ቀን በእኛ አቆጣጠር ይግባ፣ ዜሮ የጠፋበት ኮድ ይግባ፣ ከ50 ፊደል በላይ የሆነ የዕቃ ስም ይግባ፣ መዝጊያ የሌለው ቅጂም ይኑር። ስኪማው በተነካ ቁጥር ሁለቱንም አስሩጡ፤ የመጀመሪያው በሙሉ ማለፍ፣ የሁለተኛው እያንዳንዱ ጥፋት በየራሱ ምክንያት መያዝ አለበት።